አገር ስጡኝ

«መልሱ ወንዝ ነው» አለ ራዲዮኑ፣ ጥያቄውን በቅጡ ጠይቆ ሳይጨርስ።

መደቡ ላይ የተደረደሩት ልጆች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«ደግሞ ራሱ መለሰው!» አለች ሐረገ ወይን፣ የአውራጃው ጸሐፊ የአቶ ዋሴ ልጅ። «እትዬ ውባለም፣ እኔ እኮ አውቀው ነበር!»

«ማን ሊጠይቅሽ!» አለች ውባለም። የተናደደችው በልጅቷ ሳይሆን በሳጥኑ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የውባለም ጠላ ቤት ጠላ አይሸጥበትም። የንፋስ መውጫ ጠጪ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የልጆች ሰዓት እስኪያልቅ ደጅ ብርድ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ባሏ ሲሞት ልጅ አልተወላትም፤ የተወላት ይህንን ራዲዮን ነው። ልትሸጠው አስባ ነበር። አንድ እሑድ ግን እትዬ የሺ የምትባል ተራኪ ለልጆች ስታወራ ሰማችና የጎረቤት ልጆችን ጠራች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቷ በሳምንት አንድ ቀን የወላድ ቤት ሆነ።

ያቺ የሺ! «እንቆቅልሽ» ትልና «ምን አውቅልሽ» እስኪሏት ትጠብቃለች። ጥያቄዋን ጠይቃም ዝም ትላለች። ራዲዮኑ ብቻውን ሲንሿሿ ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይጯጯኻሉ፣ ይሰዳደባሉ። ከዚያ «አላወቃችሁም? እንግዲያው አገር ስጡኝ!» ትላለች። አንዱ መካነ ኢየሱስን ይሰጣታል፣ አንዱ ጎንደርን። አንድ ጊዜ ሁሉም ባንድ አፍ ወገዳን ቢሰጧት «እሷ ትንሽ ናት፣ ጨምሩ!» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራዲዮን የሰው ቃል እንደሚሰማ የሚጠራጠር ልጅ በሰፈሩ ጠፋ። ውባለም ትልቅ ሰው ናት፤ አላመነችም። ቢሆንም እሑድ እሑድ ራዲዮኑን የምትከፍተው ነጠላዋን አስተካክላ ነበር።

አሁን የሺ የለችም። በቦታዋ የመጣው ሰውዬ ጥያቄውንም መልሱንም ብቻውን ይጨርስና ስለ ጥፍር መቁረጥ ይመክራል። ልጆቹም ይኸው እያነሱ ሄዱ። ድሮ ቦታ የሚያጣላው መደብ ዛሬ ግማሹ ባዶ ነው፤ ውባለምን የሚቆጫት ይህ ነው።

«አሁን ደግሞ፣ ልጆች፣ ስለ ጥፍር ንጽሕና...» ሲል እጇን ሰደደችና ጠረቀመችው።

«ምነው ዘጉት፣ ወይዘሮ ውባለም?» አለ አቶ ዋሴ። ልጁን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «መልካም ትምህርት ነበር።»

«ለትምህርቱ ተማሪ ቤት አላቸው። እዚህ የሚመጡት ለጨዋታ ነው።»

«እንቆቅልሹስ መች ቀረ?»

«አገር ስጡኝ የሌለበት እንቆቅልሽ ምን እንቆቅልሽ ነው? ጨው የሌለው ወጥ!»

ዋሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱማ ከላይ ታዞ ነው የቀረው። አገር የሚሰጡ ጃንሆይ ብቻ ናቸው። የገበሬ ልጅ እየተነሣ ጎንደርን ሰጠሁ ካለ፣ አድጎ ምን ሊል ነው?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሲሰጡ ጎንደር ከቦታው ተነቅሎ ሄደ?»

«ነግሬዎታለሁ። ይህ ጨዋታ እዚህ ቤት ሲባል ከሰማሁ ነገ ጠዋት በሩ ይታሸጋል። እንጀራዎ ከዚህ ቤት መሆኑን አይርሱ።»

ጥግ ላይ የነበሩት ልጆች ለመሄድ ተነሡ። ውባለም ፈራች። ከጠላው በቀር መተዳደሪያ የላትም። ግን ደግሞ ባዶውን መደብ አየችው። እነዚህም ከወጡ ወዲያ በሩ ቢታሸግስ ለማን ሊከፈት ኖሯል?

ራዲዮኑን ከበርጩማው ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠችና እሷው በቦታው ተቀመጠች።

«እንቆቅልሽ!» አለች፣ ሐረገ ወይንን እያየች።

ልጅቷ አባቷን ገልመጥ አደረገች። «ምን አውቅልሽ» አለች ቀስ ብላ።

«አባት ገና ሳይነሣ፣ ልጅ ጣራ ላይ ወጣ!»

ብላ ዝም አለች። ልትረዳቸው ከንፈሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። የተነሡት ልጆች ተመልሰው ተቀመጡ። «ድመት!» «ኧረ ዶሮ!» «ዝም በል አንተ ደደብ፣ ዶሮ አባቱን ምን አስተኛው?» ቤቱ ተናወጠ።

«አላወቅሽም። አገር ስጪኝ!»

«ሐረጌ፣ ተነሺ እንሂድ» አለ ዋሴ።

«ደብረ ታቦርን ሰጠሁዎት!» አለች ልጅቷ፣ ሳትነሣ።

«ሩቅ ነው፣ እግሬን ያመኛል። ሌላ!»

ሐረገ ወይን ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው የአባባን ቢሮ ሰጠሁዎት!»

ዋሴ አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ አሳረፈው።

«ተቀበልኩ!» አለች ውባለም፣ ከበርጩማው ብድግ ብላ። «የጸሐፊውን ቢሮ ገብቼ፣ ምን ጎድሎብኝ ምን አጥቼ! ወንበሩ ላይ ተንፈላስሼ፣ ከስማዳ በእግሩ የመጣውን ሽማግሌ አስቀምጬ፣ ልጅ ያዘለችውን አስቀድሜ፣ ማኅተሙን ጧ! ጧ! አድርጌ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አሰናብቼ! ላንቺ ደግሞ ደጅ መጥናት! መልሱማ ጭስ ነው፤ እሳቱ ሳይነሣ ጣራ የሚወጣው!»

ልጆቹ እየሳቁ አንዱ ባንዱ ላይ ወደቁ። ውባለም ወደ በሩ ዞረች። ነገ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም።

«አንተ በር ላይ ያለኸው! ባለጉዳይ ነህ? ግባ። እዚህ ቤት ነገ ተመለስ የለም።»

አቶ ዋሴ ወደ ደጅ ዞር አለ። ጠጪዎቹ ከኋላው አንገታቸውን አስግገው ያዩታል።

«ይግቡ እንጂ፣ አባባ» አለች ሐረገ ወይን፣ መደቡ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችለት።