የጤፍ ጆንያው ፋይል

ልጃችሁን የወለዳችሁት እናንተ መሆናችሁን በወረቀት አረጋግጡ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ዱርሲቱ በአንድ የቡራዩ ቀበሌ ስምንት ወር ይህን ተብላለች። ልጇ አሜሪካ ሊወስዳት አመልክቷል፤ የሁለቱም ስም የሰፈረበት የቤተሰብ ቅጽ ግን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ ከቢሮው ጋር ተቃጥሏል እያለ የቀበሌው ኃላፊ ይመልሳት ነበር።

ዛሬ የመመላለሷን ምክንያት የሰሙት ዘበኛው ኦቦ ባጫ የጤፍ ጆንያ ተሸክመው ገቡና ቅጹን ከውስጡ መዘዙላት።

«ቢሮው ሳይነድ ፋይሉን ቤቴ አሽሽቼው ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አሉ?»

«ለኃላፊው በማግስቱ ነገርኩት። ዘበኛና ፋይልን ምን አገናኛቸው አለኝ።»

ጣቷን ከራሷ ስም ወደ ልጇ ስም አወረደች። ከዚያ ወደ አገልግሎት መስጫው መስኮት ዞረች።

«ኃላፊው ይውጣና፣ ለምን ተቃጥሏል እንዳለኝ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ይናገር።»