ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው ድምፅ

እናንተዬ፣ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ትንሿ ልጄ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛችልኝ። ጎኔ ተቀምጣ፣ አብረውት የመጡትን የማይፈለጉ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። አንደኛው ካሜራው ያየውን በድምፅ የሚናገር ነው።

«እሱን እንኳ ተዪልኝ፣ ዓይን ይሆነኛል» አልኳት።

«እስቲ ይሞከራ» ብላ ከፈተችው።

«ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አንድ ሰው ቆሟል» አለ ድምፁ።

ልጄ ዞር ብላ አየችና ሳቀች። «እማዬ፣ የዚህስ ዓይን ካንቺም ብሷል። ማን አለና?» አጠፋችው።

እኔ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። መፍራቴ ገብቷት መሰለኝ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ደባበስኩት።

«ምነው የኔ ልጅ፣ እጅሽ እንዲህ በረዶ የሆነው?» አልኳት።

ቁልፎቹን መምታቷን አቆመች።

«እማዬ፣ ሁለቱም እጆቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው እኮ።»