ምስማር የማይወድ ግድግዳ

በሰፈሩ የመብራት ሽቦ ከቀረ ቆይቷል። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው የግድግዳው ምርጊት ነው። ስስ ንጣፎች የተደራረቡበት ሸክላ አፈር ከዕፅዋት ከተጨመቀ ፈሳሽ ጋር ይቦካል፤ ፈሳሹ በንጣፎቹ መካከል ይሰርጋል፤ ሲደርቅ የተለጠፈበት አምፖል ሁሉ ይበራል። ክልክሉ አንድ ነው፦ ምስማር አይመታበትም። ከተበሳ ቤቱ ይጨልማል።

ትርንጎ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቤቱን አቡክቶ የመረገው ሟች ባሏ ደምለው ነው። ከሞተ ወዲህ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ የስኳሩን ጣሳ ተደግፎ ቆሟል። በተዝካሩ ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ፣ መዶሻ አነሳች።

ቤቱ ጨለመ። የደምለው የሥራ ባልደረባ መንክር ከጎረቤት ባትሪውን እያበራ መጣ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምን ነካዎት?»

«ነገ ዘመድ አዝማድ ይመጣል። ባሌ ከስኳር ጋር ቆሞ ይጠብቃቸው?»

መንክር ግድግዳውን ዳበሰ። «ምስማሩን ነቅዬ በእርጥብ ጭቃ ብደፍነው ጠዋት ይበራል።»

«ፎቶውስ?»

«ወደ ስኳሩ ይመለሳላ።»

ትርንጎ ፎቶውን ምስማሩ ላይ ሰቀለች፤ ትንሽ ስለተንጋደደ አቃናችው።

«ደምለው ይህን ቢያይ ምን ይለኝ ነበር?»

«ይቆጣዎት ነበር! እንኳን ምስማር፣ ግድግዳው አጠገብ መርፌ ሲያይ ያብድ አልነበር?»

«ያብድ ነበር» አለች ትርንጎ። «እንግዲያው አትንቀለው። ይቆጣኝ።»

መንክር ባትሪውን ይዞ ወጣ። እሷም ፊቱ እንዲታያት ሻማ ለኮሰች።