ከባሕር የተመለሰችው ትርሲት

የልጅ ልጄ ትርሲት፣ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፈው የነዳጅ ማውጫ ተባርራ መጣች።

«ውኃው ማውጫውን በተሸከመው ወፍራም ምሰሶ ግራና ቀኝ ሲያልፍ ከኋላው አዙሪት ይሠራል፣ እማማ፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ማውጫውን የሚያወዛውዘው እሱ ነው። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ካሰብኩት በላይ ሲወዛወዝ ጥፋቱን በእኔ ላይ አላከኩት። ስድስት ዓመት የለፋሁበት እንጀራዬ!»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዋናው በሕይወት መምጣትሽ ነው» አልኩና እንባዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት። እሷ ግን እህል አልቀምስ አለች።

በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አዲሱን ባለ ዘርፍ ጥላ ተሸከመችልኝ።

«ስለት ነው እንዴ፣ እማማ? ምን ተስለው ነው?»

«ለጉልበቴ» አልኳት።

ሚካኤልን የለመንኩት ግን፣ «አስባርረህም ቢሆን ልጄን ከዚያ ብረት ላይ አውርድልኝ» ብዬ ነበር።