የሙሽራው ባለ አራት ጎማ

ጥፊው ሲያርፍበት መካኒኩ ፉፋ ጅግለሩን ወደ ፀሐይ አንስቶ በቀዳዳው እያጮለቀ ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈው ያ ሚጢጢ ነሐስ ከእጁ አምልጦ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ይወድቃል። ፉፋ ጉንጩን ትቶ ጅግለሩን ይፈልጋል።

«ቀዳዳውን ማን አሰፋው አልኩ እንጂ እናትህን ሰደብኩ?» ይላል።

«እኔ ነኝ! በምስማር!» ይላል ቀጀላ። ነጭ ሱፍ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የሙሽራ አበባ ተሰክቷል። «ሞተሩን የጎጆ ከተማ ዳገት ላይ ጉልበት ከዳው። በሬ ጉልበት ሲያጣ ምን ይደረጋል? ይበላል!»

«ጠግቦ ነዋ የታነቀው! ጎጆ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚን መቀነስ ሲገባህ ትጨምርለታለህ?»

የአሁኑ ቡጢ ነው፤ የፉፋን ከንፈር ይሰነጥቀዋል። ሚዜው ተድላ ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ የሱፉን እጅጌ አይቶ፣ «ቀስ በል ቀጄ፣ ደም ይነካሃል» ይላል።

አምቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙሽራ ታይቶ አያውቅም። የጎጆ ሰው ሙሽራዋን በፈረስ ያመጣል፤ ቀጀላ በባለ አራት ጎማ ሞተር ሊያመጣት ምሏል። ዘመዶቹም የፈረስ ቀይ ዘርፍ መብራቱ ላይ አንጠልጥለውለታል፤ ልጓም ማሰሪያ ብቻ ነው ያጡለት። ጉደር ላይ ሙሽራዋ ዱሬቲ ለብሳ ትጠብቃለች። ሙሽራው ካረፈደ የሷ ወገኖች በሩን ዘግተው እስኪበቃቸው ሊሳለቁበት ነው።

ፉፋ ደሙን እየተፋ ደህና ጅግለር ያስገባል፤ ካርቡራተሩን ይገጥማል፤ ያስነሳል። ሞተሩ አንዴም ሳያስነጥስ ጥርት ብሎ ይጮኻል።

«አየህ? ቡጢ ሲቀምስ እጁ ይፈታል!» ይላል ቀጀላ፣ ኮርቻው ላይ እየወጣ።

ፉፋ መሪውን ይይዛል። «ቆይ፣ ፍሪሲዮኑ ቀርቷል። ክንዱን ሲበይዱልህ አጣመውታል፤ ከሞተሩ ጋር ይጋጫል። እጄታውን ብትስብም ሞተሩን ከጎማው አያላቅቅም። ጥፍር የምታህል ክፍተት ልሞርድለት።»

«በሩ ሊዘጋብኝ ነው እያልኩህ ሞረድ ታወራለህ?»

«ይዘጋ! ልጅቷን ከኋላ አስቀምጠህ ማርሽ ስታስገባ ቢፈናጠር አንገቷ ነው የሚሰበረው።»

«የኔን ሙሽራ አንገት አንተ ምን አገባህ?» ቀጀላ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከፉፋ እጅ ነጥቆ ቅንድቡ ላይ ያሳርፍበታል። የፉፋ አንድ ዓይን በደም ይሸፈናል። መሪውን ግን አይለቅም። ሁለተኛው ምት ጣቶቹ ላይ ነው። ይለቃል።

ተድላ ሞባይሉን ደግኖ ከፊት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። «ቀጄ፣ ወደዚህ! ፈገግ በል!»

ቀጀላ ፈገግ ይላል። እጄታውን እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ማርሹን በእግሩ ይረግጣል።

ሞተሩ ይዘላል። የፊት ብረቱ የተድላን ሁለት ጉልበቶች ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። የሆነ ነገር ቀጭ ይላል። የኋላ ጎማዎቹ ዘይቱ ላይ እየተሽከረከሩ ይገፋሉ፣ ይገፋሉ። የተድላ ጩኸት ከሞተሩ ይበልጣል።

«አጥፋው!» ይላል ፉፋ።

«ማጥፊያው ድሮ ተሰብሯል!» ቀጀላ እጄታውን በሁለት እጁ ይጨምቃል። «ስቤዋለሁ! ስቤዋለሁ እኮ!»

ፉፋ ፒንሳ ያነሳል። ቀጀላ ሊወጋው የመጣ መስሎት በክርኑ አፍንጫውን ይመታዋል። ፉፋ ወድቆ፣ ተንፏቆ ከታንከሩ ሥር ይገባል፤ የቤንዚኑን ቱቦ ይቆርጣል። ቤንዚኑ ፊቱ ላይ፣ የተሰነጠቀው ቅንድቡ ውስጥ ይፈስሳል፤ እንደ እሳት ያቃጥለዋል።

ሞተሩ አይጠፋም።

«ቆርጬዋለሁ!» ይላል ፉፋ። «በካርቡራተሩ ቋት ውስጥ የቀረው ቤንዚን ነው። እሱን እስኪጨርስ ነው!»

ይጠብቃሉ። ሌላ የሚደረግ የለም። ጎማዎቹ ይዞራሉ፤ ቀዩ ዘርፍ የተድላ ሆድ ላይ ይንቀጠቀጣል። አምላኩን ሲጣራ የነበረው ተድላ አሁን እናቱን በኦሮምኛ ይጠራል፤ «ሃርሜ! ሃርሜ ኮ!»

ሞተሩ ያስላል፤ አንዴ ጓ ብሎ ጸጥ ይላል።

ፉፋ ሞተሩን በትከሻው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ተድላ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ እግሮቹ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፈዋል።

«ቀጀላ፣ ውረድ። አንሳው፣ ሐኪም ቤት እንውሰደው።»

ቀጀላ አይወርድም። ዓይኑ የትም አያይም። ፉፋ ባበጡት ጣቶቹ የሙሽራውን ጣቶች ከእጄታው ላይ ሊያላቅቅ ይታገላል፤ ሙሽራው ግን በጠፋው ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ ፍሪሲዮኑን በሁለት እጁ እንደሳበ ነው።