ጄኖቫ ወይስ ሊዝበን

ሳህሉ ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ዳገት የሌለው ከተማ ከተማ አይመስለውም። ለንደን ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ አሁንም ሜዳነቷን ይቅር አላላትም። ስለዚህ ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ወዴት እንሂድ ሲባል እሱና ባለቤቱ ሮማንወርቅ ባንድ ነገር ወዲያው ተስማሙ፤ ዳገትም ባሕርም ያለው የወደብ ከተማ ይሁን። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ሊዝበን አለ፣ እሷ ጄኖቫ።

"ጄኖቫ ደግሞ ምን አለ?"

"ቤቶቹ ተራራው ላይ ተደራርበው፣ ወደ ላይኛው ሰፈር በሊፍት ነው አሉ የሚወጣው።"

"ማነው ያለው?"

"ወንድይራድ ነዋ!"

ወንድይራድ የሁለቱም ጓደኛ ነው። ለንደን ሳይመጣ በፊት ጄኖቫ ኖሯል፤ አሁን ቶተንሃም ነው ያለው። ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሚስት የለውም። ሳህሉ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብሏት አያውቅም ነበር።

እናቱ እንኳ ስቀውባቸዋል። እሑድ እሑድ ደሴ ይደውላል፤ ያን እሑድም ጭቅጭቁን ሲነግራቸው "ዳገት ከሆነ የቸገራችሁ እዚሁ ኑ" አሉት። ቀጥለው ደግሞ "ባሕሩን ግን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ እኔ አይቼው አላውቅ" አሉ።

በማግስቱ ማታ ሳህሉ ዋይት ሲቲ ካለው የጥበቃ ሥራው ወደ ኬንቲሽ ታውን ሲመለስ ሮማንወርቅን ወጥ ቤት ቆማ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን ሆነሻል?"

"ሽንኩርት ነው።"

ምድጃው ላይ ያለው ሩዝ ነው።

"እሺ፣ ጄኖቫ ወይስ ሊዝበን? ዛሬ እንጨርሰው።"

"የፈለግከው ይሁን ሳህሌ። አሁን ብላ።"

ሮማንወርቅ በክርክር ተሸንፋ የማታውቅ ሴት ናት። ሳህሉን ነገሩ ከነከነው። ጄኖቫን እንዲህ በቀላሉ የለቀቀችው፣ ከእሱ ጋር መሄዱን ትታው ቢሆንስ?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ስልኳ ሲጠራ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ገበታው ግን ከወትሮው በልጦ ይቀርባል፤ ጥብሱ፣ ክትፎው፣ "ትንሽ ጨምር እንጂ"ው። በደል ያለባት ሴት እንዲህ ነው የምታደርገው አለ በልቡ፤ በላ ግን። ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ እታፈራሁ እንኳ ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ሲያዩት ወሬያቸውን ዋጥ አደረጉ። ሰፈሩ ሁሉ አውቋል፤ ያላወቀው ባል ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ባስ ፌርማታ ላይ ወንድይራድን አገኘው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ከሩቁ ነበር በቀልድ የሚጀምረው። አሁን አቅፎት ቆየና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ "በርታ ወንድሜ" ብሎት ሄደ።

በርታ! በምኑ ነው የምበረታው፣ ሚስቴን ስትወስድብኝ?

ቤት ገብቶ ስልኩን አነሣ። "በቃ፣ እማዬ ትፍረደን! ጄኖቫ ወይም ሊዝበን፣ እሷ ያለችው ይሆናል።"

ሮማንወርቅ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። "ደሴ ኔትወርክ የለም አሉ። ቆይተህ ትደውላለህ።"

አሁን ደግሞ የሚማከረው ሰው እንኳ ሊያሳጡት ነው።

ዓርብ ወደ ማታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ድምፅዋን ሰማ። "ነገ በማለዳ ይሻላል፣ ወንድይራድ። እስከዚያ ግን እንዳይሰማ፣ አደራህን።"

እሷ ወደ ሱቅ ስትወርድ ገብቶ መሳቢያውን ሳበ። ፓስፖርቷ የለም። የእሱም የለም። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቷል፤ ከበሩ ኋላ ጥቁር ቀሚሷ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ለእሱ ልደት እንኳ ያልለበሰችው ቀሚስ።

የእኔን ፓስፖርት ደግሞ ለምን ወሰደችው ብሎ አሰበ። መልሱም ወዲያው መጣለት፤ እንዳልከተላቸው ነዋ!

ያን ሌሊት ጀርባዋን እያየ ተኛ። ይወዳታል፤ ከሁሉ የከፋበት ይህ ነው። ጄኖቫ ብትለው ጄኖቫ፣ ያለ ሊፍት ሽቅብ ውጣ ብትለው ይወጣላት ነበር፤ ብቻ ከእሱ ጋር ትሁን እንጂ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ለበሰና ከውጪው በር ፊት ለፊት ቆመ። ሮማንወርቅ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። ስታየው ደነገጠች።

"ሳህሌ፣ እስቲ ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም! ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማንም ካንቺ ጋር ከዚህ ቤት አይወጣም!"

የበሩ ደወል ጮኸ። ሮማንወርቅ ከኋላው መጥታ ወገቡን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እየጎተታት ሄዶ፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ፣ በግራው በሩን በረገደው።

ወንድይራድ ነበር፤ ከእሱ ኋላ የንስሐ አባታቸው፣ ወይዘሮ እታፈራሁና የዕድሩ ሰዎች በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ሞልተውታል፤ አንዳቸውም እንደምን አደርክ አላሉትም።