ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

«ጮክ አድርገው እንጂ፣ አይሰማኝም!» ትላለች ማክቫላ ከመኝታ ክፍሏ፤ ኡቻም ደስ ብሎት የድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልቧን ታማ ከተኛች ወዲህ ነፋስ እንዲገባላት ሐኪሙ አዟል፤ ሣር አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ትነሳለች ብሏል።

እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው ይህች አክስቱ ናት። አዲሱን አልበሙን ከሰው ሁሉ በፊት እሷ እንድትሰማለት ከዋና ከተማው ከትብሊሲ ይዞላት መጥቷል። መጀመሪያ የራሱ ጥሩምባ በቀስታ ይገባል፤ ጃዝ ነው፣ ግን የማይቸኩል ጃዝ። ከሥሩ ኮምፒውተሩ የሩቅ ወንዝ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ቀጥሎ የማሊ ክራር ይመጣል፣ ከዚያ የህንድ ከበሮ።

«ይሄ እንቅልፍ ያመጣል እንጂ አያስጨፍርም።»

«ለእንቅልፍ ብዬ ነው የሠራሁት፣ አክስቴ።»

«እንደዚያ ከሆነማ ክኒኖቼን ሰብስበህ ጣልልኝ!»

ኡቻ ይስቃል። ሦስተኛው ሙዚቃ ይጀምርና የወንዶች ድምፅ ከታች ተነስቶ ቤቱን ይሞላዋል።

ዛሪ ነው። በዚህ መንደር ሰው ሲሞት ወንዶች ግቢ ውስጥ ቆመው ያለ አንዲት ቃል የሚያወርዱት ለቅሶ። አስከሬን በሌለበት ቤት ማንም አያዜመውም፤ ልጆች እንኳን የሚማሩት ጫካ ወርደው ነው። ኡቻ እዚሁ አድጎ ይህን እንዴት ያጣዋል? የማክቫላ ባል ጊጎ የተቀበረ ቀን፣ ስልኩን ኮት ኪሱ ውስጥ ከፍቶ በድብቅ ቀዳው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ሲቆርጠው፣ ሲያዘገየው፣ ጥሩምባ ሲደርብበት ከረመና ለቅሶነቱ ጠፋበት። ጥሩ ድምፅ ብቻ ሆነለት።

ከመኝታ ክፍሉ ቀልድ መምጣቱ ቀርቷል።

ኡቻ በመስኮቱ ሲመለከት ሽማግሌው ጎረቤታቸው ሙርዛቃን ቆቡን አውልቆ ወደ ግቢው ይገባል። ሚስቱ ደረቷን እየደቃች ትከተለዋለች፤ ከኋላቸውም ሌሎች አሉ። ያን ጊዜ ነው የሠራው ሥራ የገባው። ተንደርድሮ ያጠፋዋል።

«መቼ አረፈች?» ይላል ሙርዛቃን፣ እንባ አቅርሮ።

«አልሞተችም፣ አባባ ሙርዛቃን። ሙዚቃ ነው፤ የኔ አልበም ነው።»

ሽማግሌው ቆቡን በእጁ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። «የፊተኛው ድምፅ የኔ ነው። ለጊጎ ያለቀስኩት ነው።»

«አዎ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ሳልነግርዎ።»

«የኔስ ይሁን፣ ድምፄን ውሰደው። እሷን ግን በቁሟ ቀበርካት! አንተ ምን ዓይነት ጉድ ነህ?»

ኡቻ አንገቱን ይደፋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ኡቻ፣ ና» ትላለች ማክቫላ።

ገብቶ አልጋዋ አጠገብ ይንበረከካል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«እንደማልተርፍ ሐኪሙ ለእናንተ ነው የነገራችሁ ማለት ነው።»

«ምንም አላለም! በእናቴ መቃብር፣ ሙዚቃ ነው። ከጊጎ ቀብር የሰረቅኩት ነው። ባለጌው እኔ ነኝ፣ አክስቴ፤ አንቺ ደህና ነሽ!»

እሱ በማለ ቁጥር እሷ ትረጋጋለች። ወደ እሱ ትዞርና ጸጉሩን ትዳብሰዋለች፤ ልጅ ሳለ እንዳትቀየመው ሲዋሻት እንዲህ ታደርግ ነበር።

«እሺ፣ የኔ ልጅ። ሙዚቃ ነው።»

«እመኚኝ በእግዜር…»

«አምኜሃለሁ አልኩህ እኮ። ለሙርዛቃን ሚስት ንገራት፤ ላሚቱን እሷ ትውሰዳት። የኋላ ግራ ጡቷ ይቆስላል፤ ቀስ ብላ ትለባት።»